የመሠረቱ ዕዳ፦ በሜክሲኮ ከተማ የሥነ ጥበባት ቤተ መንግሥት ውስጥ የተነሣ ጥያቄ

አንድ ያማረ ሥራ ከግፈኛ እጅ ቢወጣ፣ ውበቱ ከግፉ ጋር አብሮ ይኰነናልን? ወይስ ሥራው ካሠሪው ተለይቶ በራሱ መልክና በራሱ ጥቅም ብቻ ሊፈረድለት ይገባል? ይህ ጥያቄ ሥራ የፈቱ ሰዎች ከምሳ በኋላ የሚከራከሩበት ጨዋታ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። እኛ ግን እንደዚያ አናየውም። በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ ሰው የተቀመጠበትን ወንበርና የሚያስፈጽመውን ደንብ የተረከበው ከእርሱ በፊት ከነበረ ሰው ነው፤ መምህሩ የሚያስተምርበት ክፍል፣ ተማሪው የሚያጠናበት አዳራሽም እንዲሁ ውርስ ነው። ከእነዚህ ውርሶች ውስጥ በንጹሕ እጅና በንጹሕ ገንዘብ ብቻ የተሠራውን ለይተን ሌላውን እንጣል ብንል፣ ብዙዎቻችን ቆመን የምንሠራበት ቦታ እንኳ የምናጣ ይመስለናል። እንግዲህ ጥያቄው የፈላስፎች ብቻ አይደለም፤ ቍልፍ ተረክቦ ቍልፍ የሚያስረክብ ሰው ሁሉ ጥያቄ ነው።

ነገሩን በሐሳብ ብቻ ከማመላለስ በምሳሌ መመርመሩ ይሻላል። ለዚህም በሜክሲኮ ዋና ከተማ የሚገኘውንና ለመጐብኘት ዕድል ያገኘነውን የሥነ ጥበባት ቤተ መንግሥት መርጠናል። የመረጥንበትም ምክንያት ሕንፃውን የጀመሩትና የፈጸሙት ሰዎች እርስ በርሳቸው ጠላቶች ስለ ነበሩ ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሜክሲኮ ፈጽማ ባዕድ አገር አይደለችም። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።) ፋሺስት ጣልያን በ1935 አገራችንን ወርሮ በ1936 አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ፣ ታላላቅ የሚባሉት መንግሥታት አንድ በአንድ አንገታቸውን ሲደፉ፣ ወረራውን በሕግ አናውቅም ብለው ከጸኑት ጥቂት አገሮች አንዷ በፕሬዚዳንት ላዛሮ ካርዴናስ ትመራ የነበረችው ሜክሲኮ ናት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 ሜክሲኮን ጐብኝተዋል። በአዲስ አበባ የሜክሲኮ አደባባይ፣ በሜክሲኮ ከተማ ደግሞ የኢትዮጵያ አደባባይ መኖሩ የዚህ ወዳጅነት መታሰቢያ ነው። በዚያው ያለው የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያም በአገራችን ስም የሚጠራ ሲሆን ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። የከተማይቱ ጣቢያዎች ሁሉ ፊደል ያልቈጠረ መንገደኛም እንዲለያቸው እንዲህ ያለ ምልክት ስላላቸው፣ «አንበሳው ጋ እወርዳለሁ» የሚል ሰው ቢያጋጥም አያስደንቅም።

የሥነ ጥበባት ቤተ መንግሥት የቆመው በከተማይቱ እምብርት፣ አላሜዳ ከሚባለው ጥንታዊ መናፈሻ ጎን ነው። ከሩቅ ሲያዩት ነጭ ነው፤ ንጣቱንም ያገኘው ከጣልያን አገር ከካራራ ተፈልጦ በመርከብ ውቅያኖስ ከተሻገረ እብነ በረድ ነው። በላዩ ቢጫና ብርቱካንማ ንጣፍ የለበሰ ጕልላት ተደፍቶበታል። ስሙ ቤተ መንግሥት ይባል እንጂ ንጉሥ አልኖረበትም፤ ችሎትም አልተቀመጠበትም። በእኛ ቋንቋ ቤተ መንግሥት ሲባል ግብር የሚበላበት፣ አዋጅ የሚወጣበት፣ ደጅ የሚጠናበት ቤት ማለት ስለ ሆነ፣ ስሙን እንዲሁ መተርጐም ያሳስታል የሚል ሰው ሊነሣ ይችላል። እኛ ግን ስሙን እንደ ወረደ ትተነዋል። ደጅ የማይጠናበት ቤተ መንግሥት በዓለም ላይ አንድም ቢሆን መኖሩ ደስ ያሰኛልና።

ያስጀመረው ሰው ግን ዘውድ ያልጫነ ንጉሥ ነበረ። ፖርፊሪዮ ዲያስ በ1876 በጦር ኀይል ሥልጣን ይዞ፣ በመካከል አራት ዓመት ለወዳጁ ካዋሰው በቀር፣ እስከ 1911 አገሪቱን ገዛ። በዘመኑ የባቡር ሐዲድ እንደ ተዘረጋ፣ ማዕድን እንደ ተቈፈረ፣ የውጭ አገር ገንዘብ እንደ ጐረፈ አይካድም። በዚያው ዘመን ግን ብዙ የገበሬ መንደሮች የጋራ መሬታቸውን ለትልልቅ ባለ ርስቶች ተነጠቁ፤ በሰሜን የሚኖረው የያኪ ሕዝብ መሬቴን አልሰጥም ስላለ እየተያዘ በሌላው የአገሪቱ ጫፍ ወደሚገኙት ወደ ዩካታን የቃጫ እርሻዎች ተጋዘ። ዲያስ የሜክሲኮ የነጻነት ትግል የተጀመረበትን መቶኛ ዓመት በ1910 ለማክበር ሲዘጋጅ፣ ዋና ከተማው የፓሪስ እኅት ትምሰል ብሎ አዲስ ብሔራዊ ቴያትር እንዲሠራ አዘዘ። ቦታው ቀድሞ የቅድስት ኢሳቤል ገዳም የነበረበት ነው። ንድፉን ያወጣው ጣልያናዊው መሐንዲስ አዳሞ ቦአሪ ሲሆን ሥራው በ1904 ተጀመረ። ሐሳቡም ለበዓሉ እንዲደርስ ነበር፤ አልደረሰም።

እንዳይደርስ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱን እንተርከው ዘንድ ይፈቀድልን፤ መሬቱ ራሱ አልተቀበለውም። የዛሬይቱ ሜክሲኮ ከተማ የተሠራችው በሐይቅ ላይ ነው። የአዝቴክ ሕዝብ በ1325 ዋና ከተማውን የቈረቈረው በሐይቅ መካከል ባለች ደሴት ላይ ነበር። እስፓንያውያን በ1521 ከተማይቱን አጥፍተው በፍርስራሿ ላይ የራሳቸውን ሠሩ፤ ሐይቁንም እያፈሰሱ አደረቁት። ከሥር የቀረው አፈር ውሃ እንደ ጠጣ ሰፍነግ ነው። ያን ሁሉ እብነ በረድና ብረት ሲጭኑበት ሕንፃው ገና ሳይጠናቀቅ ወደ ታች ይገባ ጀመር፤ መሐንዲሶቹም በመሠረቱ ሥር ሲሚንቶ እያስገቡ ሊያቆሙት ሞከሩ። ከዚያ ወዲህ የከተማይቱ ሕዝብ እየበዛ የመጠጥ ውሃውን ከሥሩ እየሳበ ስለ ወሰደ፣ አካባቢው ሁሉ አብሮ ሰመጠ። ቤተ መንግሥቱ ከተጀመረ ወዲህ ከሦስት ሜትር በላይ ወርዷል። የአዝቴክ ሐይቅ ከአራት መቶ ዓመት በኋላ የተነጠቀውን ቦታ ቀስ እያለ እያስመለሰ ነው ብሎ መቀለድ የሚወድ ሰው እዚህ ላይ መቀለድ ይችላል።

በኅዳር 1910 አብዮት ፈነዳ። ዲያስ በ1911 አገሩን ጥሎ ወደ ፓሪስ ሄደ፤ ከአራት ዓመት በኋላም እዚያው ሞተ። ቦአሪ በ1916 ወደ አገሩ ተመለሰ። ለመኳንንት ዘፈን የታሰበው ቤት ውጩ በእብነ በረድ ተሸፍኖ ውስጡ ባዶ እንደ ሆነ ቀረ። አገሪቱ ዐሥር ዓመት ያህል በእርስ በርስ ጦርነት ስትደማ፣ ከዚያም በኋላ ድካሟን ስታስታምም፣ ሕንፃው ሳይፈጸም በመናፈሻው ጎን ቆሞ ኖረ። አልፎ አልፎ ሥራው ይቀጠላል፤ መልሶም ይቆማል።

እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ራሳችንን በዚያን ጊዜ በነበሩት ባለ ሥልጣኖች ቦታ እናስቀምጥ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። ዲያስ ከወደቀ በኋላ ስሙን ማንቋሸሽ ዋጋ የማያስከፍል ነገር ነበር፤ ሕንፃውንም ማፍረስ ጭብጨባ ያስገኝ ነበር። መሬቱን የተነጠቀ ገበሬ ልጅ፣ በዩካታን እናቱ የቀረችበት የያኪ ሰው፣ ያን ነጭ ድንጋይ ሲያይ ምን ሊሰማው እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። የእርሱን ቍጣ ያላዋቂ ቍጣ ነው ብሎ ማለፍ እኛ አይቻለንም። እብነ በረዱ የተገዛው ከሰማይ በወረደ ገንዘብ አይደለምና።

ሆኖም ግን ከዚህ ቍጣ የሚወጣው ፍርድ ላይ አንስማማም። ዲያስ በእጁ አንዲት ድንጋይ አልጠረበም። የጠረበው፣ ያነጸው፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ጕልላቱን የደፋው ስሙ ያልተጻፈ ሠራተኛ ነው። ሕንፃውን ስለ ዲያስ ብሎ ማፍረስ፣ ሕንፃው በእውነት የዲያስ ነበር ብሎ መፍረድ ይሆናል። ግፈኛው በሕይወቱ ሳለ ያሰበውን፣ ማለትም አገሪቱ ሁሉ የእርሱ መታሰቢያ ናት ማለቱን፣ ከሞተ በኋላ ጠላቶቹ በመዶሻ ያጸድቁለታል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቅጣት ለተቀጪው ክብር እንጂ ቅጣት አይመስለንም።

የሜክሲኮ መንግሥት በ1932 ሥራውን ሲቀጥል መሐንዲሱን ፌዴሪኮ ማሪስካልን ሾመ። ማሪስካል የውጩን መልክ አልነካም፤ ውስጡን ግን ሌላ አደረገው። በውጭ አበባና ሐረግ፣ ክንፍ ያለው ፈረስና ዕርቃኗን የቆመች የአውሮፓ አማልክት ሴት ይታያሉ። በሩን አልፈው ሲገቡ ግን ጥቍርና ቀይ እብነ በረድ፣ ቀጥ ያለ መስመር፣ በመብራቶቹና በግድግዳው ራስ ላይ ደግሞ ቻክ የሚባለው የማያ ሕዝብ የዝናም አምላክ ፊት ይጠብቅዎታል። ስሙም ብሔራዊ ቴያትር መሆኑ ቀርቶ የሥነ ጥበባት ቤተ መንግሥት ተባለ፤ ከመድረኩ ሌላ የሥዕል አዳራሾች ተጨመሩለት። መስከረም 29 ቀን 1934 ተመረቀ። ውጩና ውስጡ የማይመሳሰል ቤት ነው እያሉ የሚነቅፉ የኪነ ሕንፃ ዐዋቂዎች አሉ፤ እውነታቸውን ነው። እኛን የማረከን ግን ይኸው አለመመሳሰሉ ነው። አንድ ሰው የሰጠውን ቃል ሌላው መካከል ላይ ተቀብሎ ወደ ሌላ ትርጕም ሲያዞረው የምንሰማ መስሎናል።

ከዲያስ ዘመን ከቀሩት የውስጥ ዕቃዎች እጅግ የሚያስደንቀው የመድረኩ መጋረጃ ነው። ጨርቅ ሳይሆን ብረትና መስታወት ሲሆን፣ ወደ አንድ ሚሊዮን ከሚጠጉ ቍርጥራጭ መስታወቶች ተገጣጥሞ የሸለቆውን ሁለት በረዶ ለበስ እሳተ ገሞራዎች፣ ፖፖካቴፔትልንና ኢስታሲዋትልን ያሳያል። የሠራው በኒው ዮርክ የሚገኘው የቲፋኒ ቤት ነው። በመስኮት ብቅ ቢሉ ከሚታዩት ተራሮች ፊት፣ በባዕድ አገር የተሠራ የተራሮቹ ምስል መሰቀሉ የዘመኑን ጠባይ ይነግረናል። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነውን የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል ያየ ኢትዮጵያዊ እዚህ ቆሞ ሁለቱን ሳያወዳድር አያልፍም። ቲፋኒ የብርሃኑን ጨዋታ እንደሚያውቅ አንክድም፤ የአፈወርቅ ሰዎች ግን ወዴት እንደሚሄዱ ያውቃሉ።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። አለማፍረስ አንድ ነገር ነው፤ ይቅር ማለት ግን ሌላ። በዚህ ላይ ውበትን እንደ መስፈሪያ የሚይዙ ሰዎች የሚስቱ ይመስለናል። «ምን ይደረግ፣ ግፍ አለፈ፤ ውበት ቀረ» ይላሉ። ውበት ጥሩ ጠበቃ ነው፤ ነገር ግን ደንበኛውን አይመርጥም። ያማረው ሁሉ ባማረበት መጠን የሚማር ከሆነ፣ ገንዘብና ጥሩ መሐንዲስ ያለው ግፈኛ አስቀድሞ ይቅርታውን መግዛት ይችላል። አስቀያሚ ቤት የሠራው ግን ሳይማር ይቀራል ማለት ነው፤ ይህም ለፍርድ አያመችም።

በአገራችን ውበት የሌለው ነገር በመልካም ሁኔታ የተያዘበት አንድ ምሳሌ አለ። በስድስት ኪሎ፣ ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረውና በ1961 ለዩኒቨርሲቲ በተሰጠው ግቢ ውስጥ፣ ወደ የትም የማያደርስ ደረጃ ቆሟል። ፋሺስቶች ያቆሙት፣ ሙሶሊኒ በ1922 ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ያሉትን ዓመታት እርከን በእርከን እንዲቈጥር ነው። አገሪቱ በ1941 ነጻ ከወጣች በኋላ ደረጃውን መናድ ቀላል ነበር። የተደረገው ግን ከላይኛው እርከን ላይ የድንጋይ አንበሳ ማስቀመጥ ነው። ዓመታቸውን ለዘላለም እንቈጥራለን ያሉትን ሰዎች ቈጠራው የት ላይ እንዳበቃ አንበሳው ያመለክታል። ደረጃው ቢፈርስ ኖሮ አንበሳው የሚቆምበትን አያገኝም ነበር፤ በስፍራው የሚያልፈው ተማሪም የሚጠይቀው ነገር ባልኖረው።

ሜክሲኮዎች ያደረጉት ከዚህ ይበልጥ የተወሳሰበ ነው። አንበሳ ከላይ በማስቀመጥ ፈንታ ግድግዳውን ለሠዓሊዎች ሰጡ። ከእነዚህ አንዱ ዲዬጎ ሪቬራ ነው። ሪቬራ በ1933 በኒው ዮርክ በሮክፌለር ማእከል ግድግዳ ላይ ትልቅ ሥዕል እንዲሠራ ተቀጥሮ ነበር። በሥዕሉ ውስጥ የሌኒንን ፊት በጨመረ ጊዜ፣ ወጣቱ ኔልሰን ሮክፌለር በማይታወቅ ሰው ፊት እንዲተካው ጠየቀው። ሪቬራ ሌኒንን አላነሣም፣ ከፈለጋችሁ ሊንከንን እጨምራለሁ አለ። ክፍያው በሙሉ ተሰጥቶት ተሰናበተ፤ ሥዕሉም በየካቲት 1934 በሌሊት ተፈርሶ ተጣለ። ሪቬራ በዚያው ዓመት ያንኑ ሐሳብ በአዲሱ የሜክሲኮ ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ እንደገና ሣለው። በመካከል አንድ ሠራተኛ ታላቅ መኪና ይዞ፣ በአንድ ወገን ከዋክብትን በሌላው ወገን ረቂቅ ሕዋሳትን እየመራ ይታያል። ሌኒን አለ። በሌላው በኩል ደግሞ የኔልሰን አባት ሽማግሌው ሮክፌለር በመጠጥ ቤት ውስጥ ከሴት ጋር ተቀምጦ፣ ከራሱ በላይ የአባለ ዘር በሽታ ተሐዋስያን ተሥለው ይታያል።

ግድግዳው የሮክፌለር ነበረ፤ ገንዘቡም የእርሱ። በሕግ ሚዛን ከሄድን ባለቤት በንብረቱ ላይ ያዝዛል። ሪቬራም ቢሆን ባስጸደቀው ንድፍ ውስጥ ሌኒንን አላሳየም ነበርና፣ በዚህ ረገድ ፈጽሞ ንጹሕ ነው አንልም። ነገር ግን እንጀራ የገዛ ሰው ሊበላውም ሊጥለውም ይችላል፤ የሰው አእምሮ የወለደውን ሥራ የገዛ ሰው ግን የተረከበው ሥልጣን ሳይሆን አደራ ነው። ሸፍኖት ቢቀመጥ ወይም ከግድግዳው አስነሥቶ ቢመልሰው በተሻለው ነበር። ማፍረሱ የድንጋጤ ሥራ ነው። የሪቬራ አመላለስም ደግሞ አላስደሰተንም። ሽማግሌው ሮክፌለር ብዙ ሊከሰስበት የሚገባ ነገር ያለው ሰው ይሁን እንጂ መጠጥ በአፉ የማይዞር፣ መጠጥን አጥብቆ የሚጠላ ሰው ነበር። ሠዓሊው እውነተኛውን ክስ ትቶ ሐሰተኛ ክስ ሣለበት። ሥዕሉ ግሩም ነው፤ ቀለሙ፣ ድርሰቱ፣ የመኪናው ግርማ ዓይን ያስቀራል። የተቀየመ ሰው ቂሙን የወጣበት ማእዘን ግን እዚያው ውስጥ አለ፤ በእኛ ዓይን ከሥዕሉ ሁሉ ደካማው ማእዘን ያ ነው።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ ሌሎችም አሉ። ኦሮስኮ በ1934 የጀመረው ሥዕል መሣሪያና እሳት፣ የወደቀ ሰውና የምትስቅ ሴት ተደባልቀውበት ተስፋ የሚባል ነገር የሌለበት ነው፤ አብዮቱ በራሱ ግድግዳ ላይ ይህን ያህል መራራ ሥዕል መቻሉ ያስመሰግነዋል። ታማዮ በ1952 የሣለው ደግሞ የእስፓንያን ፈረሰኛ ግርግርና በመካከሉ እኩሌታው ነጭ እኩሌታው ጠይም የሆነ ሕፃን የምትወልድ ሴት ያሳያል። ስለ እነዚህ ብዙ ለማለት ቦታ የለንም።

ቤተ መንግሥቱ የሕዝብ ሆነ የሚለው ቃል በተግባር ሲፈተን ምን እንደሚመስል ለማየት፣ በተለይ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነ አንባቢ፣ የ1954ን ሐምሌ ቢያስታውስ ይጠቅማል። የሪቬራ ሚስት ሠዓሊዋ ፍሪዳ ካህሎ በሐምሌ 13 ቀን ሞተች፤ ሬሳዋም ሕዝብ እንዲሰናበታት በዚሁ ቤተ መንግሥት አዳራሽ ተቀመጠ። በሥነ ሥርዓቱ መካከል ወዳጆቿ ማጭድና መዶሻ ያለበትን ቀይ ባንዲራ በሣጥኑ ላይ አለበሱት። የተቋሙ ዳይሬክተር የመንግሥት ሹም ነው፤ በመንግሥት ቤት የፓርቲ ባንዲራ መዘርጋቱ እንደሚያስጠይቀው ያውቃል። ያን ጊዜ ለክብር ዘብ ከሣጥኑ አጠገብ ከቆሙት አንዱ፣ አስቀድመን ስሙን ያነሣነው የቀድሞው ፕሬዚዳንት ካርዴናስ ነበረ። ባንዲራው ሳይነሣ ቀረ። ዳይሬክተሩም ከሥራው ተሰናበተ። ሹሙ ምን ማድረግ ነበረበት ብለን እርስ በርሳችን ስንከራከር አንድ ሐሳብ ላይ አልደረስንም። ደንቡን ይጠብቅ የሚል ነበረ፤ ሟችን ያክብር የሚልም ነበረ። ባንዲራውን ከሬሳ ላይ ቢያነሣ ኖሮ ግን ሹመቱን ያተርፍ ነበር እንጂ ዛሬ በበጎ የሚያነሣው ሰው ባልኖረ ነበር።

የቀረን ሦስተኛው ሠዓሊ፣ ዳቪድ አልፋሮ ሲኬይሮስ ነው፤ ጥያቄያችንም እጅግ የሚከብደው በእርሱ ላይ ነው። ሲኬይሮስ በ1944 በዚሁ ግድግዳ ላይ ሰንሰለቷን በጥሳ የምትወጣ ሴት ሣለ። በ1951 ደግሞ የመጨረሻውን የአዝቴክ ንጉሥ ኳውቴሞክን ሣለ፤ እስፓንያውያን ወርቁን የት እንደ ደበቅህ ተናገር እያሉ እግሩን በእሳት ሲያቃጥሉት፣ እርሱ ግን ፊቱን ሳያጠቍር ያሳያል። ከእርሱም ጋር በተጓዳኝ ሌላ ሥዕል አለ፤ በዚያ ኳውቴሞክ የድል አድራጊዎቹን የእስፓንያውያንን ጥሩር ለብሶ ተነሥቷል። የጠላትን መሣሪያ ወስዶ ለራስ ማድረግ ይቻላል የሚለውን ሐሳብ ከዚህ በተሻለ የሣለ ሰው አላየንም። የቤተ መንግሥቱ የራሱ ታሪክም ይኸው ነው።

ይህን ርኅራኄ ያለውን ሥዕል የሣለው እጅ ግን በግንቦት 1940 መሣሪያ የያዙ ሰዎችን እየመራ በዚያችው ከተማ በስደት ይኖር በነበረው በትሮትስኪ ቤት ላይ በሌሊት ተኵስ ያስከፈተ እጅ ነው። ትሮትስኪ ለጊዜው ተረፈ፤ ከጠባቂዎቹ አንዱ ግን ተወስዶ በኋላ ሞቶ ተገኘ። ስለዚህ ዲያስን ኰንነን ሠዓሊውን ስናደንቅ፣ የአንዱን እጅ ታጥበን የሌላውን አላየንም እንዳንባል ያስፈራል። በንጹሕ እጅ የተሠራውን ብቻ እንቀበል ብንል ከውጩ እብነ በረድ ጋር የውስጡ ሥዕል አብሮ መጣል ሊኖርበት ነው።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1960 ሲኬይሮስ መንግሥትን በመንቀፉና ለታሰሩ የምድር ባቡር ሠራተኞች በመቆሙ ተይዞ ታሰረ፤ እስከ 1964ም በወኅኒ ኖረ። የታሰረበት ቤት ሌኩምቤሪ ይባላል፤ የከተማይቱ ሰዎች «ጥቍሩ ቤተ መንግሥት» ይሉት ነበር። ይህን ወኅኒ በ1900 መርቆ የከፈተው ያው ፖርፊሪዮ ዲያስ ነው። እንግዲህ ዲያስ ለወራሾቹ ሁለት ቤተ መንግሥት ትቶላቸዋል፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ ጥቍር። ነጩ ሳይፈጸም ነበርና ፈጽመው ለሕዝብ አደረጉት፤ ስለዚህም በየበዓሉ ሲናገሩበት ኖረዋል። ጥቍሩን ግን አንድ ግድግዳ ሳይለውጡ ለተሠራለት ሥራ ይገለገሉበት ነበር። ሰንሰለት የምትበጥሰውን ሴት የሚያደንቅ ጐብኝ በነጩ ቤት ሲገባ፣ የሣላት ሽማግሌ በጥቍሩ ቤት በር ተቈልፎበት ነበር። ሁለቱንም በሮች የሚጠብቀው ዘበኛ ደመወዙን የሚቀበለው ከአንድ ግምጃ ቤት ነው።

የዲያስ ግፍ ወደ እብነ በረዱ ውስጥ አልገባም ብለን ስንከራከር ቈይተናል፤ አሁንም በዚያው እንጸናለን። የገባው ወደ ልማዱ ውስጥ ነው። ድንጋይን ከባለቤቱ መለየት ቀላል ነው፤ በየግድግዳው ላይ ሥዕል ሲሰቀል ያ ነገር የተለየ ይመስላል። ዝምታን ማዘዝ፣ ተናጋሪን መቈለፍ፣ ይህ ዕብነ በረድ ስለሌለው ሲወረስ ማንም አያስተውለውም፤ በርክክብ መዝገብ ላይም አይጻፍም።

ሲኬይሮስ በሐምሌ 1964 በምሕረት ተፈታ። ከሁለት ዓመት በኋላ የብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሽልማት ተሰጠው፤ በ1974 በሞተ ጊዜም በአገሪቱ ታላላቅ ሰዎች መካነ መቃብር ተቀበረ። ሌኩምቤሪ በ1976 ወኅኒነቱ ቀረለት። በዚያን ጊዜ ይፍረስ የሚሉ ነበሩ፤ አልፈረሰም። በ1982 የሜክሲኮ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሆነ፤ በዲያስ ዘመን ማን መሬቱን እንደ ተነጠቀ፣ ማን ወደ ዩካታን እንደ ተጋዘ ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ወረቀቱን የሚጠይቀው ወደዚያው ቤት ሄዶ ነው።